አጥሩ ነው ወይስ ዘበኛው? የቆዳ ዘረ መልና የማይለቅ ሽፍታ

ከየት መጣ ሳይባል ብድግ የሚል ሽፍታ አለ። ያብጣል፣ ያሳክካል፣ ከሰዓታት በኋላ ድራሹ ይጠፋል። ነገ ደግሞ ሌላ ቦታ ይወጣል። ይህ ነገር ለወራት የተመላለሰበት ሰው «ምንድን ነው ያመጣብኝ?» ማለቱ አይቀርም፤ መልስ የሚሰጠውም አይጠፋም። አንዱ ምግብ ነው ይለዋል፣ ሌላው ደምህ ነው ይለዋል። አሁን አሁን ደግሞ ሳይንሳዊ የሚመስል መልስ ተጨምሯል፦ «ቆዳህን የሚጠብቀው ፕሮቲን በዘር ጎድሎብህ ነው። አጥሩ ስለሳሳ ሁሉ ነገር ዘው ብሎ ይገባብሃል»።

አባባሉ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ስለ ቆዳ ፕሮቲኖችና ስለ ዘረ መላቸው የተደረሰበት ነገር እውነት ነው፣ ትልቅ ግኝትም ነው። ችግሩ ግኝቱ በዋናነት የሌላ በሽታ መሆኑ ነው። የችፌ ነው፣ ሐኪሞች ኤክዜማ የሚሉት። ሁለቱን ማደባለቅ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል፤ ሰው የሚያድነውን መድኃኒት ትቶ ቅባት ሲቀያይር ይከርማል። ስለዚህ ረጋ ብለን ከሥሩ እንየው።

የትኛውን ሽፍታ ነው የምናወራው?

ሐኪሞች ዩርቲካሪያ ይሉታል። ሳማ የነካው ቆዳ ላይ የሚወጣው እብጠት ራሱ አንዱ ዓይነት ነው። ከቆዳው ከፍ ያለ፣ ጠርዙ በግልጽ የሚለይ፣ እጅግ የሚያሳክክ እብጠት ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ጨርሶ ላይታይ ይችላል፤ የሚታየው የቆዳው መነፋት ብቻ ይሆናል። «የቀላ ሽፍታ» የሚጠብቅ ሰው በዚህ የተነሳ ሳያውቀው ያልፈዋል።

ዋናው መለያው ጊዜው ነው። እያንዳንዱ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ 24 ሰዓት ሳይሞላው ይጠፋል፣ ምልክትም አይተውም። ቀኑን ሙሉ ሽፍታው ያለ የሚመስለው አንዱ ሲከስም ሌላው ስለሚተካ ነው። ይህን ራሳችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። አንዱን እብጠት ዙሪያውን በእስክሪብቶ አክብቡትና ሰዓቱን ጻፉ። በማግስቱ እዚያው ክቡ ውስጥ ከቆየ፣ በተለይም ከማሳከኩ ይልቅ ሕመሙ የሚያይል ወይም ሲጠፋ የበለዘ ቦታ የሚተው ከሆነ፣ ተራ ዩርቲካሪያ ላይሆን ይችላል። የትናንሽ የደም ሥሮች መቆጣት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ከሽፍታው ጋር ከንፈር ወይም የዓይን ቆብ የሚያብጥበት ጊዜም አለ፤ እሱ ጠለቅ ካለው የቆዳ ክፍል የሚነሳ ስለሆነ እስከ 3 ቀን ሊቆይ ይችላል።

ከ6 ሳምንት በታች የቆየው አጣዳፊ ዩርቲካሪያ ይባላል። ብዙውን ጊዜ ከጉንፋን ዓይነት ኢንፌክሽን፣ ከመድኃኒት ወይም ከምግብ አለርጂ ጋር ይያያዛል፣ በራሱም ይሄዳል። ከ6 ሳምንት በላይ የተመላለሰው ነው ሥር የሰደደ የሚባለው። በዓለም ላይ ከ100 ሰው ገደማ አንዱን ይይዛል፣ ሴቶችን ከወንዶች በእጥፍ ያህል ያጠቃል። ይሄኛውም ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ቀስቃሹ የሚታወቅ ነው፤ ብርድ፣ ላብ፣ የቀበቶ ጫና፣ ቆዳን መፈግፈግ ሊሆን ይችላል። ሌላው ያለ ምንም የሚታይ ቀስቃሽ ብድግ የሚል ነው። ሰውን በጣም የሚያደናግረውና ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚያወራው ስለዚህኛው ነው።

የቆዳ አጥር ሲባል ምን ማለት ነው?

ቆዳችንን እንደ አንድ ግቢ አስቡት። ዙሪያውን አጥር አለው፣ ከአጥሩ ጀርባ ደግሞ ዘበኛ አለው። አጥሩ የሞቱና የተነጠፉ ሴሎች ድርብርብ ነው፣ በመካከላቸው ቅባት ይሞላል። በአብዛኛው ሰውነታችን ላይ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር 1/50 ቢሆን ነው። በዚህች ስስ ድርብርብ ነው ውኃ ከውስጥ እንዳይተን፣ ከውጭ ደግሞ ጀርምና ኬሚካል እንዳይገባ የሚደረገው።

አጥሩን ከሚያጠነክሩት ፕሮቲኖች ዝነኛው ፊላግሪን ነው። ሲሠራ እንደ አንድ ረጅም ሰንሰለት ሆኖ ይሠራል፣ በሴሉ ውስጥም በጥቃቅን ቅንጣቶች ተጠራቅሞ ይቀመጣል። ሴሉ ወደ ላይ እየወጣ ወደ መሞቻው ሲቃረብ ሰንሰለቱ ይቆራረጣል፤ እንደየሰው ዘረ መል 10፣ 11 ወይም 12 ዋና ቁራጭ ይወጣዋል። ቁራጮቹ የሴሉን የውስጥ ክሮች ጠቅልለው ያስራሉ፣ ሴሉም ተጨፍልቆ ጠፍጣፋ ይሆናል። ሥራቸው በዚህ አያበቃም። ቆየት ብለው ራሳቸው ወደ አሚኖ አሲድና ተዋጽኦዎቹ ይፈርሳሉ፤ እነዚህ ፍርስራሾች ውኃ ይዘው ቆዳውን ያርሳሉ፣ በመጠኑ አሲዳማ እንዲሆንም ያግዛሉ። መጀመሪያ አጥር፣ ቀጥሎ የአጥሩ እርጥበት መሆኑ ነው። ፊላግሪን ሲጎድል ቆዳው ሁለቴ የሚጎዳው ለዚህ ነው።

ዘረ መሉ ምን ሲሆን ነው የሚበላሸው?

የፊላግሪን ዘረ መል ክሮሞዞም 1 ላይ ይገኛል። እያንዳንዳችን ሁለት ቅጂ አለን፣ አንዱ ከእናት አንዱ ከአባት። ለረጅም ጊዜ ተመራማሪዎች ዘረ መሉን በትክክል ማንበብ አልቻሉም ነበር፤ ተመሳሳይ ክፍሎች ተደጋግመው የተደረደሩበት ስለሆነ ያምታታል። እ.ኤ.አ. በ2006 በስኮትላንድ የዳንዲ ዩኒቨርሲቲው ኢርዊን ማክሌንና ባልደረቦቹ ፈቱት። ፕሮቲኑ ከናካቴው እንዳይሠራ የሚያደርጉ ለውጦችን አገኙ። መጀመሪያ ያገናኟቸው ኢክትዮሲስ ቩልጋሪስ ከሚባል፣ ቆዳን ከሚያደርቅና እንደ ቅርፊት ከሚያስነሳ በሽታ ጋር ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ ለችፌ ከሚያጋልጡት ነገሮች ዋነኞቹ እነዚሁ ለውጦች መሆናቸውን አሳዩ።

አንዱ ቅጂ ብቻ የተበላሸበት ሰው ፊላግሪኑ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሁለቱም የተበላሹበት ጨርሶ የለውም ማለት ይቻላል። ምልክቱን ያለ ላቦራቶሪ መጠርጠር የሚቻልበት ጊዜም አለ። መዳፍ ላይ ያሉት መስመሮች ከወትሮው የበዙና የጠለቁ ይሆናሉ፣ የቅልጥም ቆዳ ይደርቅና ይቀረፋል፣ ክንድ ከትከሻ በታች ሲዳሰስ ይሻክራል። ቅጂዎቹ ጤነኛ በሆኑ ሰዎች መካከልም ልዩነት አለ፤ 10 ቁራጭ የሚያወጣው ዘረ መል 12 ከሚያወጣው ይልቅ ለችፌ በመጠኑ ያጋልጣል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የተበላሸ ቅጂ ከተሸከሙት ሰዎች አብዛኞቹ ችፌ አይዛቸውም፤ ብዙ የችፌ ታማሚዎችም ይህ ለውጥ የለባቸውም። ዘረ መሉ ያጋልጣል እንጂ አይፈርድም። ሁለተኛ፣ ነገሩ ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። በአውሮፓውያን ዘንድ ከ10 ሰው አንዱ ገደማ አንድ የተበላሸ ቅጂ ይዞ ይኖራል። በእስያ የሚገኙት ለውጦች ሌሎች ናቸው። በአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ደግሞ በጣም ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያውያን የችፌ ታማሚዎች ላይ የታተመ ጥናት ያገኘው አንድ አዲስ ለውጥ ብቻ ነበር፤ በአውሮፓውያን ዘንድ የተለመዱት ለውጦች አልተገኙም። ስለዚህ «የቆዳ ዘረ መል» ተብሎ በአንድ ሕዝብ ላይ የተጠናውን ለሁሉም ሰው መስፋት አይቻልም።

ታዲያ ዩርቲካሪያው ከየት ይመጣል?

ከአጥሩ ሳይሆን ከዘበኛው። ዘበኛው ማስት ሴል ይባላል። ከላይኛው ቆዳ በታች፣ በደም ሥሮችና በነርቮች ዙሪያ ተተክሎ የሚኖር የበሽታ መከላከያ ሴል ነው። ሆዱ በሂስታሚንና በሌሎች ኬሚካሎች የተሞሉ ቅንጣቶችን ይዟል። ሲቀሰቀስ በደቂቃዎች ውስጥ ይዘረግፋቸዋል። ሂስታሚን የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ፈሳሽም ወደ ቆዳው ይሰርጋል፤ እብጠቱ ይሄ ነው። ነርቮቹንም ይነካል፤ ማሳከኩ ይሄ ነው። ፈሳሹ ተመልሶ ሲመጠጥ ቆዳው ምንም እንዳልነበረበት ይሆናል። ዩርቲካሪያ ያለ ምልክት የሚጠፋው ለዚህ ነው፤ አጥሩን የሚያደርቀውና የሚሰነጥቀው ችፌ ግን እንዲህ ቶሎ አይለቅም።

ሌባ ሳይኖር ዘበኛው ለምን ይጮኻል? በብዙ ታማሚዎች ዘንድ መልሱ የሰውነት የራሱ ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው። ሁለት መንገድ ይታወቃል። በአንደኛው፣ አይጂኢ የተባለው የአለርጂ ፀረ እንግዳ አካል ከውጭ በመጣ ነገር ፋንታ የራስን ፕሮቲን እንደ ጠላት ያያል፤ ለምሳሌ በታይሮይድ እጢ ውስጥ ያለን አንድ ፕሮቲን። በሁለተኛው፣ አይጂጂ የተባለ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል በቀጥታ ማስት ሴሉ ላይ ካለው አይጂኢ ወይም ከአይጂኢው መቀበያ ጋር ይጣበቅና ሴሉን ይቆሰቁሰዋል። በሁለቱም መንገድ ከውጭ የገባ ነገር የለም። አጥሩ ደህና ቆሞ ሁከቱ ከውስጥ ነው።

ሥር የሰደደ ዩርቲካሪያ ያለባቸው ሰዎች ላይ የታይሮይድ ራስን የማጥቃት ችግር ከሌላው ሰው ይልቅ በብዛት መታየቱም ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

ዘረ መሉን ሲፈትሹት ምን ተገኘ?

እኔ ጉዳዩን ከሁሉ በላይ ግልጽ ያደርገዋል የምለው ይህ ክፍል ነው። ተመራማሪዎች የታማሚዎችንና የጤነኞችን ሙሉ ዘረ መል ጎን ለጎን አስቀምጠው ልዩነቱ የት የት ላይ እንዳለ ማየት ይችላሉ። አስቀድሞ አንዱን ዘረ መል ጠርጥሮ መነሳት አያስፈልግም፤ መረጃው ራሱ ወደ ቦታው ይመራል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ እንዲህ ያለ ጥናት፣ ያለ ቀስቃሽ የሚመጣው ዩርቲካሪያ በዘረ መል የሚዛመደው ሰውነት ራሱን ከሚያጠቃባቸው በሽታዎች ጋር እንጂ እንደ ችፌና አስም ካሉ የአለርጂ ወገን በሽታዎች ጋር አለመሆኑን አሳይቷል። የሚያመለክተውም የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱ የራስንና የባዕድን የሚለይባቸውን ዘረ መሎች ነው። ማለትም የዘበኛውን ወገን እንጂ አጥሩን አይደለም።

ግን ዩርቲካሪያ ባለበት ቆዳ ላይ ፊላግሪን ተለክቶ የለም ወይ? ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ሽፍታው ካለበት ቦታ የተወሰደ ቆዳ መርምሮ ፊላግሪን ጨምሮ አገኘው፤ ሽፍታው የከፋባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ይበልጥ ጨምሮ። ደግማችሁ አንብቡት፤ ጨምሮ እንጂ ቀንሶ አይደለም። «ፕሮቲኑ ስለጎደለ ነው» ከሚለው ወሬ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል።

የፕሮቲኑ መጠንና የዘረ መሉ ልዩነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውም መታወቅ አለበት፣ ብዙ ጽሑፎች እዚህ ላይ ይስታሉ። ዘረ መሉ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሰው ቆዳው ሲቆጣ የፊላግሪኑ መጠን ሊለወጥ ይችላል። በችፌ የታወቀ ነገር ነው፤ ኢንተርሉኪን 4 እና ኢንተርሉኪን 13 የሚባሉ የመከላከያ ሥርዓቱ መልእክተኞች ሲበዙ ሴሉ ፊላግሪን ማምረቱን ይቀንሳል፣ ዘረ መሉ ምንም ሳይሆን። ስለዚህ ከታመመ ቆዳ የተገኘ ልኬት ብቻውን «በዘር ነው» አያሰኝም። በሽታው ያስከተለው ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ሰው ለምን ያምታታቸዋል?

ሁለቱም ያሳክካሉ፣ ሁለቱም በተለምዶ «አለርጂ» ይባላሉ፣ ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ሊገጥሙ ይችላሉ። ከዚያ በላይ ግን ሁለት እውነተኛ ድልድዮች አሉ።

አንዱ የምግብ አለርጂ ነው። የተበላሸ የፊላግሪን ቅጂ ያለው ሰው ለኦቾሎኒ አለርጂ የበለጠ የተጋለጠ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2011 ታውቋል። ሐሳቡ የላላው አጥር የምግቡ ብናኝ በቆዳ በኩል እንዲገባና ሰውነት በጠላትነት እንዲመዘግበው ይፈቅዳል የሚል ነው። ይህ ሰው ኦቾሎኒ ሲበላ በዩርቲካሪያ ሊወረር ይችላል። ነገር ግን ይሄኛው አጣዳፊው ዓይነት ነው። ከበሉ በኋላ በደቂቃዎች፣ ቢበዛ በ2 ሰዓት ገደማ ይነሳል፤ ያንን ምግብ በበሉ ቁጥርም ይመጣል። ለወራት ያለ ሰዓቱ የሚመላለሰውን ሽፍታ አያብራራም።

ሌላው ኔዘርተን ሲንድረም የተባለ በጣም ብርቅ በሽታ ነው። ስፒንክ5 የሚባለው ዘረ መል ሲበላሽ የቆዳውን ማያያዣዎች የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ልጓም ያጣሉ፣ አጥሩም ከጨቅላነት ጀምሮ ይፈርሳል። እነዚህ ልጆች የከፋ የቆዳ መቆጣትና የምግብ አለርጂ አለባቸው፣ ዩርቲካሪያም ይታይባቸዋል። እንግዲህ አጥር ሲፈርስ ዘበኛው መረበሹ አይካድም። ግን ይህ ሲወለድ ጀምሮ የሚታይ ከባድ በሽታ ነው፤ በ30 ዓመቱ ድንገት ሽፍታ የጀመረውን ጤነኛ ሰው አይመለከተውም።

በዘር የሚመጣ ዩርቲካሪያ የለም ማለት ነው?

አለ፣ ግን በጣም ጥቂት ነው። ከሁሉም የሚገርመኝ በንዝረት የሚቀሰቀሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከሊባኖስ በሆኑ ቤተሰቦች ላይ በተደረገ ጥናት ምክንያቱ ታወቀ። እነዚህ ሰዎች ሲያጨበጭቡ፣ ሲሮጡ፣ ሰውነታቸውን በፎጣ አሸት አሸት ሲያደርጉ፣ በወጣ ገባ መንገድ በመኪና ሲሄዱ ቆዳቸው ያብጣል። ኤዲጂአርኢ2 የተባለው ዘረ መላቸው በአንዲት ፊደል ተለውጦ ተገኘ። ዘረ መሉ የሚያሠራው ፕሮቲን የሚቀመጠው የት ነው? ማስት ሴሉ ላይ። ፕሮቲኑ ሁለት ክፍል አለው፤ በእነሱ ላይ የሁለቱ ትስስር ስለላላ ንዝረቱ ያላቅቀዋል፣ ሴሉም የያዘውን ይዘረግፋል። እዚህም በዘር የተላለፈው የዘበኛው ችግር እንጂ የአጥሩ አይደለም። ከልጅነት ጀምሮ ብርድ ሲነካቸው ሽፍታና ትኩሳት የሚነሳባቸው ቤተሰቦችም አሉ፤ እዚያም ለውጡ የተገኘው ኤንኤልአርፒ3 በሚባል የመከላከያ ሥርዓቱ ዘረ መል ላይ ነው።

ይህን ማወቅ ለሕክምናው ምን ይጠቅማል?

ብዙ። ችፌ ላይ ማለስለሻ ቅባት ራሱ ሕክምና ነው፤ አጥሩን ይደግፋል። ዩርቲካሪያ ላይ ግን ቅባት ማስት ሴሉን ዝም አያሰኘውም። ቆዳችሁ ደረቅ ከሆነ ተቀቡ፣ በድርቀት የሚመጣውን ማሳከክ ይቀንሳል። ሽፍታውን ያቆማል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

የዩርቲካሪያው መነሻ ሕክምና እንቅልፍ የማያመጣ አንቲሂስታሚን ነው፤ ሴትሪዚን፣ ሎራታዲን፣ ፌክሶፌናዲንና የመሳሰሉት። ሲያሳክክ ብቻ የሚዋጥ ሳይሆን በየቀኑ የሚወሰድ ነው፤ ሂስታሚኑ ሳይቀድም መቀበያውን መያዝ ስላለበት። በተለመደው መጠን ካልተሻለ ሐኪም እስከ 4 እጥፍ ሊያሳድገው እንደሚችል ዓለም አቀፉ የሕክምና መመሪያ ይፈቅዳል፤ በራስ ውሳኔ ግን አይደረግም። ከዚያ የሚቀጥለው ኦማሊዙማብ የሚባል በየ4 ሳምንቱ የሚሰጥ መርፌ ነው። አይጂኢን ይዞ ያስቀረዋል። በአሜሪካ ለዚህ በሽታ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ዱፒሉማብ ደግሞ በ2025 ተፈቀደ። ዱፒሉማብ ቀድሞ የችፌ መድኃኒት ስለነበር «ያው አንድ በሽታ ናቸው» የሚል ይኖራል። መድኃኒቱ ግን የሚያግደው ቅድም ያነሳናቸውን ኢንተርሉኪን 4 እና 13 ነው፤ የመከላከያ ሥርዓቱን መልእክት እንጂ ዘረ መሉን አይነካም።

ለረጅም ጊዜ የስቴሮይድ ክኒን መዋጥ ግን አይመከርም። ሽፍታውን ቶሎ ያጠፋዋል፣ ሲቆም ይመለሳል፣ በመሃል የሚያስከትለው ጣጣ ብዙ ነው። እንደ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች በአንዳንዱ ሰው ላይ ሽፍታውን ያባብሳሉ፤ ስትወስዱ አስተውሉ።

የዘረ መል ምርመራ ላድርግ?

ለተራው ሥር የሰደደ ዩርቲካሪያ አያስፈልግም። የፊላግሪን ዘረ መላችሁ ደህና ሆነ አልሆነ ሕክምናው አይቀየርም። መመሪያው የሚጠይቀው ቀለል ያለ ነው፤ የደም ሴሎች ቆጠራ፣ የመቆጣት ምልክት የሚያሳይ ምርመራ፣ በስፔሻሊስት ደረጃ ደግሞ አጠቃላይ አይጂኢና የታይሮይድ ፀረ እንግዳ አካል። ከዚያ ውጭ ሐኪሙን ከሁሉ በላይ የሚረዳው የእናንተ ታሪክ ነው። ሽፍታው ሲወጣ ፎቶ አንሱት። ሐኪም ጋ በምትደርሱበት ሰዓት ጠፍቶ ሊሆን ይችላልና።

በጅምላ የሚታዘዝ የምግብ አለርጂ ምርመራም ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ምርመራው «ፖዘቲቭ» ያለው ምግብ ሁሉ ሽፍታውን ያመጣል ማለት አይደለም። በዚህ ምክንያት ብቻ አንዱን ምግብ ከሌላው እያስከተሉ የሚተዉ፣ በመጨረሻ የሚበሉት የጠፋባቸው፣ ሽፍታው ግን ያልለቀቃቸው ሰዎች ያሳዝኑኛል። ሕፃናት ላይ ሲሆን ደግሞ ዕድገታቸውን ይጎዳል።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ምላስ ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ድምፅ ከጎረነነ ወይም ራስን መሳት ከመጣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ልጄስ ይወርሰዋል?

የፊላግሪን ለውጥ ከሆነ ሒሳቡ ግልጽ ነው። አንድ የተበላሸ ቅጂ ያለው ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ የሚተላለፈውም ለደረቅ ቆዳና ለችፌ መጋለጥ ነው። ሥር የሰደደ ዩርቲካሪያ ግን እንዲህ አይቆጠርም። የቅርብ ዘመድ ያለበት ሰው ዕድሉ ከሌላው ከፍ ይላል፤ ሆኖም ብዙ ዘረ መሎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚያዋጡበት ነገር ስለሆነ አብዛኞቹ የታማሚ ልጆች አይያዙም። የያዘውም ቢሆን ዕድሜ ልኩን አይኖርበትም። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይለቃል፤ ከዚያ በላይ የሚቆይባቸውም አሉ። እስከዚያው የመድኃኒቱ ሥራ ዘበኛውን ጸጥ አድርጎ ማቆየት ነው።